በክንፏ የማትታወቀው የእሳት እራት

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ነው። አገሯ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው ግን ቶኪዮ ወይም ቤጂንግ ሳይሆን አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ከተማ ነው። እንዴት እንደሆነ እመለስበታለሁ። ስሟ ግራፎሊታ ሞሌስታ ይባላል። መጀመሪያ ላይ ምላስ ያስቸግራል፤ ዝግጅታችን ሳያልቅ ግን ትለምዱታላችሁ።

ይህች የእሳት እራት ኮክ፣ ፕሪም፣ ፒርና ፖም ታበላሻለች። በትክክል ለመናገር የምታበላሸው እሷ አይደለችም፤ ትሏ ነው። ስለ መከላከያዋ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ግን ከመከላከያው የሚቀድመውን ነው። ይህች የእሳት እራት ሌላ ሳትሆን እሷ መሆኗ በምን ይታወቃል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ መቶ ዓመት ሙሉ ብዙ ሊቃውንትን አከራክሯል። ወደ ታሪኩ ሳልገባ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ መልኳን ልንገራችሁ። ክንፏ ተዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ክንፏን አጥፋ ግንድ ላይ ስታርፍ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም አትበልጥም። ቀለሟ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ነው። የፊት ክንፏ ጠርዝ ላይ ነጣ ያሉ አጫጭር ሰያፍ መስመሮች ተደርድረዋል። የኋላ ክንፏ ይህ ነው የሚባል ጌጥ የለውም። ቀን ተደብቃ ትውልና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ትበራለች። መግለጫው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ቢጨመርበት ብዙም አይጠቅምም።

ምክንያቱም ይህ መግለጫ የእሷ ብቻ አይደለም። በዚህ ልክ፣ በዚህ ቀለም፣ ጠርዙ ላይ በእነዚህ ሰያፍ መስመሮች የሚታወቁ ዘመዶች አሏት፤ ጥቂቶቹ ደግሞ እዚያው ዛፍ ላይ፣ አንዳንዴም እዚያው ፍሬ ውስጥ ይኖራሉ። የእሳት እራት ክንፍ ላይ ያለው ቀለም የሚቀመጠው በጥቃቅን ቅርፊቶች ላይ መሆኑንም አስታውሱ። የእሳት እራት ስትይዙ ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ብናኝ እሱ ነው። ቅርፊቱ በረገፈ ቁጥር ምልክቱም አብሮ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት የበረረች የእሳት እራት፣ በተለይ ደግሞ የሚያጣብቅ ወጥመድ ላይ ወድቃ ስትፍጨረጨር ያደረች፣ ክንፏ ላይ የሚነበብ ነገር ላይቀርላት ይችላል። ለምርመራ የሚመጡት ናሙናዎች አብዛኞቹ ግን ከወጥመድ የሚመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ዋሽንግተን እንሂድ። እዚያና በአካባቢው የምትኖሩ አድማጮች ጸደይ በመጣ ቁጥር ከተማዋን ሮዝና ነጭ የሚያለብሷትን የቼሪ ዛፎች ታውቋቸዋላችሁ። ከጃፓን በስጦታ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ስጦታ ግን አልተሳካም ነበር። በ1910 ጥር ወር ሁለት ሺህ ዛፎች ዋሽንግተን ደረሱ፤ የግብርና ሚኒስቴር ባለሙያዎች ሲመረምሯቸው በተባይ የተወረሩ ሆነው ተገኙ። በፕሬዚዳንት ታፍት ፈቃድ ተከምረው ተቃጠሉ። የሰው ስጦታ ማቃጠል ለዲፕሎማቶች ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ መገመት አያቅትም። ጃፓኖች ግን ቅር ሳይላቸው በ1912 ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ሌሎች ዛፎች ላኩ። ዛሬ የምናየው አበባ መነሻው ያ ሁለተኛው ስጦታ ነው።

የኛዋ የእሳት እራትም በዚያው ዘመን ገደማ ከጃፓን በመጣ የጌጥ ዛፍ ወይም ችግኝ ላይ ሳትሳፈር አልቀረችም ተብሎ ይታመናል። ለማመን አይከብድም። ክረምቱን የምታሳልፈው በትልነቷ ነው፤ ጠግቦ ያደገው ትል በግንዱ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ ከራሱ አፍ በሚያወጣው የሐር ክር ተሸፍኖ ይተኛል። ችግኝ በመርከብ የሚላከው ደግሞ ቅጠሉ ረግፎ በሚያንቀላፋበት በዚያው ወቅት ነው። ቅጠል የለም፣ ፍሬ የለም፣ የሚበርም ነገር የለም። ተቆጣጣሪው ስንጥቁን ሁሉ በቢላ ካልፈለቀቀ በቀር ምን ሊያይ ይችላል?

በ1910ዎቹ አጋማሽ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ባሉ የኮክ ዛፎች ላይ የቀንበጡ ጫፍ እየጠወለገ መንጠልጠል ጀመረ። የቀረው ዛፍ ለምለም ነው፤ ጫፉ ብቻ የሞተ ይመስላል። ከተበሳበት ቦታ ሙጫ ይወጣል። ቀንበጡ ሲሰነጠቅ ውስጡ ትል ተገኘ፤ ትሉ ተቀልቦ ሲያድግም የማትታወቅ የእሳት እራት ወጣችለት። በ1916 ኩዌንታንስና ዉድ የተባሉ የግብርና ሚኒስቴሩ ባለሙያዎች አዲስ የኮክ ጠላት መጣ ብለው ጻፉ። ሳይንሳዊ መግለጫውን የጻፈላቸው አውገስት ቡስክ ነው፤ ዴንማርክ ተወልዶ አሜሪካ የሠራ፣ የጥቃቅን የእሳት እራቶች ሊቅ። ላስፔይሬሲያ ሞሌስታ ብሎ ሰየማት። የስም አሰጣጥ ደንቡ የእንስሳውን ትውልድ አገር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በታተመ ጽሑፍ ቀድሞ የገለጻት ማን ነው የሚለውን ነው። የእስያዋ የእሳት እራት አሜሪካ ውስጥ የተጠመቀችው በዚህ የተነሳ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ንቁ አድማጭ እዚህ ላይ ይጠይቀኛል። ቡስክ ላስፔይሬሲያ ካላት አንተ ለምን ግራፎሊታ ትላታለህ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የአመዳደብን ሥራ የሚያሳየውም ይኸው ነው።

የእያንዳንዱ እንስሳ ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይናገራል። ሞሌስታ የሚለው ሁለተኛው ቃል ከ1916 ጀምሮ አልተለወጠም። የመጀመሪያው ግን ሊቃውንቱ ዝምድናዋን እንደገና በመረመሩ ቁጥር ተለዋውጧል። ላስፔይሬሲያ ተባለች፤ ሲዲያ የተባለችበት ጊዜም አለ፤ አሁን ግራፎሊታ ላይ ረግታለች። ለውጡ በስሟ ላይ ምልክት ትቷል። በሳይንስ መጻሕፍት ከስሟ ቀጥሎ ቡስክ፣ 1916 የሚለው በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል። ቅንፉ ለጌጥ አይደለም። የሰየማት ሰው መጀመሪያ ሌላ ወገን ውስጥ መድቧት ነበር ማለት ነው። ቅንፍ የሌለው ስም ካያችሁ ደግሞ ዝርያው ከተሰየመበት ወገን አልወጣም ማለት ነው። እንዲህ ያለች አንዲት ምልክት አንድ አንቀጽ የሚፈጅ ታሪክ ስትናገር ደስ ይለኛል።

ከወገኗ በላይ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ቢራቢሮና የእሳት እራት ሁሉ የሚካተቱበት ክፍል ሌፒዶፕቴራ ይባላል፤ እስካሁን የተሰየሙት ዝርያዎቹ 160 ሺህ ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ ቢራቢሮ ሳይሆኑ የእሳት እራት ናቸው። ሞሌስታ ከአሥር ሺህ በላይ ዝርያ ባለው ቶርትሪሲዴ በተባለው ቤተሰብ ውስጥ ትገባለች። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ፍሬና ዘር ቦርቡረው የሚኖሩ ዘመዶች የተሰበሰቡበት ግራፎሊቲኒ የሚባል ነገድ አለ፤ የእሷ ነገድ እሱ ነው። ፖም ቦርቧሪዋ ሲዲያ ፖሞኔላ፣ በዓለም ላይ ስሟ የገነነው ተባይ፣ የዚሁ ነገድ ናት። ሜክሲኮ ውስጥ ለልጆች መጫወቻ የሚሸጥ፣ በራሱ የሚዘል የሚመስል ዘር አለ። የሚያዘልለው ውስጡ ያለ ትል ነው፤ ያም ትል የሞሌስታ የነገድ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ክንፏ ካታለለ ወዴት ይኬዳል? ወደ ሆዷ፤ በተለይም ወደ ሆዷ ጫፍ፣ ወደ መራቢያ አካሏ።

ባለሙያው የደረቀችውን የእሳት እራት በአጉሊ መነጽር ሥር አድርጎ ሆዷን በወረንጦ ቀስ ብሎ ይነጥላል። የተነጠለውን ሆድ አሥር በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ባለበት ውሃ ውስጥ ያሞቀዋል። ይህ ኃይለኛ ነገር ጡንቻውንና ስቡን አሟሙቶ ያወጣዋል፤ የሚቀረው ጠንካራው የውጭ ሽፋን ብቻ ነው፤ እሱም ብርሃን አሳላፊ ይሆናል። ከዚያ በውሃ ያጥበዋል፤ የቀሩትን ቅርፊቶች በቀጭን ብሩሽ ይጠርጋል፤ በሁለት ቀጫጭን መርፌዎች የመራቢያ አካሉን ስቦ ይለያል። ቀለም ያስነክረዋል። በመጨረሻም መስታወት ላይ ዘርግቶ ይደፍነዋል። ወንዱ ሴቲቱን የሚይዝባቸው ሁለት መዳፍ መሰል አካላት አሉት፤ ቫልቫ ይባላሉ። የቫልቫው አንገት ምን ያህል ቀጥኗል? ጫፉ ክብ ነው ወይስ ሾጣጣ? ፀጉሩ የበቀለው የት ላይ ነው? መልሱ ያለው እዚህ ነው። በሴቲቱ ደግሞ የወንዱን ዘር የምትቀበልበት ከረጢት ውስጥ ሁለት እሾህ መሰል አካላት አሉ፤ ይህ በነገዱ ውስጥ የተለመደ ምልክት ነው። ዝርያውን የሚለየው የከረጢቱ መግቢያ ዙሪያ ያለው ጠንካራ ሽፋን ቅርፅ ነው።

ይህ ሥራ እጅ ይፈልጋል። የተንቀጠቀጠ እጅ ያለችውን አንዲት ናሙና ያበላሻል፤ መለወጫ የላትም።

ይህን ዘዴ ሁሉም አልወደደውም። ኤድዋርድ ሜይሪክ የሚባል እንግሊዛዊ የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ በሕይወት ዘመኑ ከ14 ሺህ በላይ የጥቃቅን የእሳት እራት ዝርያዎችን ሰይሟል። በ1938 እስከሞተበት ድረስ የመራቢያ አካል ምርመራን ሲንቅ ኖረ፤ የእጅ አጉሊ መነጽርና የራሱ ዓይን ይበቁት ነበር። ዓይኑ ድንቅ እንደነበር ማንም አይክድም። የሰየማቸውን ግን ሌሎች እየከፈቱ እንደገና መመርመር ነበረባቸው፤ ጌትስ ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ ሜይሪክ ሰይሟቸው በብሪታንያ ሙዚየም የተቀመጡትን ዋቢ ናሙናዎች ከ1955 እስከ 1970 በስምንት ቅጽ መዝግቧቸዋል። እንደኔ ከሆነ ሜይሪክን ሰነፍ ማለት ግፍ ነው፤ ግትር ቢባል ግን አይቀየምም። ስሙን ያዙልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመጣ ይመለሳል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራሁት ስለ በራሪዋ ነው። ጉምሩክ ላይ ወይም ገበያ ላይ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ትሉ ነው። ትል ደግሞ ክንፍ የለው፣ መራቢያ አካሉ ገና አልተሠራ። ምን ይታያል?

ሲፈለፈል ነጣ ያለ ነው፤ ጭንቅላቱ ጥቁር ነው። ሲያድግ ሮዝ ይሆናል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ሮዝ መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የፖም ቦርቧሪዋ ትልም ሮዝ ነውና። ነገር ግን ትሉን ገልብጣችሁ የመጨረሻውን የሆድ ክፍል፣ ልክ ከፊንጢጣው በላይ ያለውን ብታጎሉት፣ ሞሌስታ ላይ ጥቂት ጥርስ ያላት ጥቁር ሚዶ ታያላችሁ። ትሉ ኩሱን ወደ ውጭ የሚያስፈነጥረው በእሷ ነው። ፖም ቦርቧሪዋ ይህ ሚዶ የላትም። አንዲት ሚዶ መኖር አለመኖሯ ሁለት የዓለም ታላላቅ ተባዮችን ትለያለች። ይሁን እንጂ ሚዶው ያለው ትል ሁሉ ሞሌስታ አይደለም፤ ሌሎች የወገኗ አባላትም አላቸው። ሚዶው አንዷን ያስወጣል እንጂ ሌላዋን አያጸድቅም። የዝርያ መለያ ሥራ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት የሚመልሰው የራሱን ጥያቄ ብቻ ነው።

ምሥራቅ እስያ ውስጥ ግን ሌላ ከባድ ተፎካካሪ አለች። ካርፖሲና ሳሳኪ ትባላለች። እሷም ትንሽ፣ እሷም ግራጫ፣ የእሷም ትል ኮክና ፖም ውስጥ ገብቶ ሮዝ ይሆናል። ቤተሰቧ ግን ሌላ ነው፤ ካርፖሲኒዴ ይባላል። ሁለቱን ትሎች ለመለየት ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለውን የደረት ክፍል ከጎን ተመልከቱ። እዚያ የመተንፈሻ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ፀጉር በቅሏል። ሦስት ፀጉር ከሆነ የሞሌስታ ቤተሰብ ነው። ሁለት ከሆነ ካርፖሲኒዴ ነው። በቃ፤ ሁለት ወይስ ሦስት። ይህን ለማየት ግን ጥሩ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ፀጉር ቢረግፍ እንኳ የበቀለበት ጉድጓድ ስለሚቀር የሚቆጠረው ጉድጓዱ ነው።

ካርፖሲና ሳሳኪን ካነሳሁ የስሟን ጣጣ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1900 እንግሊዛዊው ዋልሲንግሃም ከጃፓን የመጣች አንዲት የእሳት እራት ካርፖሲና ኒፖኔንሲስ ብሎ ሰየመ። በዚያው በ1900 ጃፓናዊው ማትሱሙራ ካርፖሲና ሳሳኪን ሰየመ። ኋላ የመጡት ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ ኮክና ፖም የምታበላሸውን ተባይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኒፖኔንሲስ እያሉ ጻፉላት። የግብርና መጽሐፍ፣ የጉምሩክ ዝርዝር፣ የመድኃኒት ሙከራ ሁሉ በዚያ ስም ተሞላ። በ1989 ዲያኮኖፍ የተባለው ተመራማሪ ናሙናዎቹን እንደገና መርምሮ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን፣ የፍራፍሬው ጠላትም ሳሳኪ መሆኗን አሳየ። ኒፖኔንሲስ በማታውቀው ወንጀል ስሟ ሲጠፋ ኖሯል ማለት ነው። ዛሬ የቆየ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ኒፖኔንሲስ የሚለውን ስም ባገኘ ቁጥር ቆም ብሎ፣ ጸሐፊው የትኛዋን ማለቱ ነው ብሎ መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ ሽታን እናንሳ። የሞሌስታ ሴት ምሽት ላይ ከሆዷ ጫፍ ሽታ ትለቃለች፤ ወንዱ በአንቴናው አሽትቶ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሽታ ፌሮሞን ይባላል። በ1969 ዌንደል ሮሎፍስና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የሽታውን ዋና ንጥረ ነገር ለይተው አወቁ፤ ዜድ-ስምንት-ዶዴሰኒል አሲቴት ይባላል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ነገሩ ያለቀ ሳይመስለው አልቀረም። ሽታውን በጎማ ቁራጭ ላይ ቀብቶ የሚያጣብቅ ወጥመድ ውስጥ መስቀል ነው፤ የሚመጣው እሷን የሚፈልገው ወንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የተያዘው ሁሉ ሞሌስታ ነው።

አልሆነም። ከአውሮፓ እስከ እስያ የምትኖረው የፕሪሟ የእሳት እራት፣ ግራፎሊታ ፉኔብራና፣ ዋና ሽታዋ ያው ዜድ-ስምንት-ዶዴሰኒል አሲቴት ሆኖ ተገኘ። ለአንዷ የተሰቀለ ወጥመድ ሌላዋን ይይዛል። ይባስ ብሎ በ1979 ጃፓናዊው ፉሩሚ ኮማይ እስከዚያ ድረስ ያልተሰየመች አንዲት ዝርያ ገለጸ፤ ግራፎሊታ ዲሞርፋ ይላታል። የዲሞርፋ ወንድና ሴት ክንፋቸው ይለያያል። እሷም ፕሪም ላይ ትኖራለች፤ ጃፓንም ኮሪያም ውስጥ አለች። ሽታዋም ከሞሌስታ ሽታ ጋር አንድ ዓይነት ሁለት ንጥረ ነገሮች የተቀላቀሉበት ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። በሞሌስታ 95 ለ5 ገደማ የሆነው ቅልቅል በዲሞርፋ 85 ለ15 ገደማ ነው። ወንዶቹ በዚህች የአሥር በመቶ ልዩነት ይለያዩ ይሆናል፤ ፋብሪካ የሠራው የጎማ ቁራጭ ግን ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ያን ያህል ጥንቁቅ ሆኖ አይቆይም።

ስለዚህ ኮሪያ ውስጥ ያለ አንድ የፕሪም ገበሬ ወጥመዱን ከፍቶ 40 ወንዶች ቢቆጥር፣ ሁሉም ሞሌስታ ናቸው ማለት ሳያላምጡ መዋጥ ነው። መድኃኒት የሚረጭበትን ቀን የሚወስነው በዚያ ቁጥር ከሆነ ደግሞ የሌላዋን ትውልድ ቀን ቆጥሮ የዚህችኛዋ ሊያመልጠው ይችላል። ሞሌስታ በሞቃት ቦታ በዓመት ከአራት እስከ ሰባት ትውልድ ትደርሳለች፤ ሳምንት መሳሳት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ቀንበጥ ሲበሉ፣ የኋለኞቹ ወደ ፍሬው ይገባሉ፤ ብዙ ጊዜም በእንጨቱ በኩል ስለሚገቡ ፍሬው ላይ ከውጭ ምንም አይታይም።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ዲኤንኤ አለ። በ2003 ካናዳ የሚገኘው የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሂበርት፣ እንስሳትን ከአንድ አጭር የዘረመል ክፍል መለየት ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። የመረጠው ኮክስ-አንድ በሚባለው ዘረመል ላይ ያለን፣ በ658 ፊደላት የሚጻፍ ክፍል ነው። ይህን ለማንበብ የትል ቁራጭ፣ የእሳት እራት አንድ እግር ይበቃል፤ ሙጫ የበላት፣ ክንፏ የተላጠ ብትሆንም ግድ የለም። ሞሌስታና ዲሞርፋ በዚህ ንባብ ይለያሉ። እንቁላል እንኳ ይለያል፤ ይህ በማይክሮስኮፕ የማይታሰብ ነበር።

ግን አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ዲኤንኤ ሲባል ክርክሩ ያለቀ ይመስለዋል። የተነበበው ፊደል ራሱ ስም አይናገርም፤ መዝገብ ውስጥ ካለ ሌላ ንባብ ጋር ይነጻጸራል። መዝገቡ ውስጥ ያለውን ንባብ ማን ሰየመው? አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ የእሳት እራት አይቶ። ያ ሰው ሆዷን ከፍቶ አይቶ ከሆነ እሰየው። በክንፏ ብቻ ገምቶ ከሆነ ግን ስሕተቱ ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ ለሚቀጥለው ሰው እውነት ሆኖ ይወጣለታል። ስለዚህ ዛሬም የፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ ብልቃጥና የቀጫጭኖቹ መርፌዎች ሥራ አልቀረም። የማምነው ንባብ ናሙናው ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠለትን፣ የፈለገ ሰው ሄዶ ሊያየው የሚችለውን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የሩቅ አገር የእሳት እራት ለምን ታወራልናለህ የሚል አድማጭ አይጠፋም። ሞሌስታ ከእስያ ወጥታ አሜሪካን፣ አውሮፓን፣ አውስትራሊያን አዳርሳለች፤ በ1990 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተገኝታለች። ለኢትዮጵያ ግን የቀረበችው የነገዷ ልጅ ናት። ታውማቶቲቢያ ሌውኮትሬታ ትባላለች፤ የአፍሪካ ተወላጅ ናት፤ ብርቱካን፣ ቃሪያና ጽጌረዳን ታጠቃለች። የሰየማት ያ ግትሩ ሜይሪክ ነው፤ በ1913። የእሱም ስም በቅንፍ ነው የሚጻፈው፤ እሷም ወገን ቀይራለችና። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ቅድሚያ የሚሰጣቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 20 ተባዮች አንዷ ናት። ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ ለሚልክ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአበባ እርሻ ላይ የምትሠሩ አድማጮች ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እምቡጥ ውስጥ አንድ ትል ተገኘ ሲባል የሚነሳው ጥያቄ ስለ ሞሌስታ ስናነሳ የቆየነው ነው፤ ሚዶ አለው? ፀጉሩ ስንት ነው? የማን ትል ነው?

እንዲህ ያለ ትል ያገኘ ሰው ማድረግ ያለበት ቀላል ነው። ትሉን በቁሙ አልኮል ውስጥ አትክተቱት፤ ይጠቁርና ይኮማተራል፤ ፀጉሩም ሚዶውም በደንብ አይታይም። መጀመሪያ ሊፈላ በተቃረበ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይነከር፤ ሰውነቱ ይዘረጋል፤ ከዚያ 70 ወይም 80 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጥ። ሁለት ትል ካላችሁ ሁለተኛውን ለዲኤንኤ እንዲሆን ውሃ ሳይነካው በቀጥታ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቱት። በራሪዋን ካገኛችሁ ደግሞ በጣታችሁ አትያዟት፤ የምትደርቅበት ትንሽ ብልቃጥ ይበቃታል። የሚያጣብቅ ወጥመድ ላይ ከሆነች አትላጧት፤ ያለችበትን ካርቶን ዙሪያውን ቁረጡና እንዳለ ላኩት፤ ሙጫውን ማሟሟት የላቦራቶሪው ሥራ ነው።

ከዚያ ትንሽ ወረቀት ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የተገኘበትን ተክልና የሰብሳቢውን ስም ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ፣ አልኮሉ ውስጥ ክተቱት። ውጭ የተለጠፈ ወረቀት ይላጣል። የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪፕቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)